የአያቴ አያት ማን ነበሩ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም «የቤተሰባችሁን ታሪክ መፈለግ የጀመራችሁ ጻፉልኝ» ብዬ ነበር። ጻፋችሁ። ከሜሪላንድም፣ ከናታንያም፣ ከአዳማም መጣ። ሁሉንም ማስተናገድ ስለማይቻል የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ ጠቅልዬ፣ ስም እየተውኩ አቅርቤያለሁ።

ለአዲስ አንባቢ ልንገር፤ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ዘር መቁጠር የተማርኩት ከአቧራማ ፋይልና ወሬ ከማይሰለቻቸው አክስቶቼ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ወረቀቷ ላይ የተወለደችው ጃንዋሪ 1 ቀን 1942 ይላል፤ ፎርሙን የሞላላት ሰው ገምቶ የጻፈው ነው። እሷን ስጠይቃት «በጣሊያን ጊዜ» ትላለች፣ በቃ። ክርስትና የተነሣችው ግን በታኅሣሥ ገብርኤል እንደሆነ ታውቃለች። እውነተኛው ዓመት ሊገኝ ይችላል?

መልስ፦ ጃንዋሪ 1 የተወለደው አበሻ ብዛቱ! ቀን የማያውቅ ሰው ሲመጣ ፎርም ሞይው ዓመት ይገምትና የመጀመሪያዋን ቀን ይጽፋል። እርስዎ ግን እጅዎ ላይ ጥሩ ነገር አለ። ገብርኤል አለልዎት።

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው፤ ወንድ በ40። የታኅሣሥ ገብርኤል 19 ነው። ከዚያ ወደ ኋላ 80 ቀን ይቁጠሩ። ከጳጉሜን በቀር ወራችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ካልኩሌተር አያስፈልግም፤ መስከረም መጨረሻ ላይ ያርፋሉ። አሁን እናትዎን «መቼ ተወለድሽ?» ብለው አይጠይቋት። «አያቴ አራስ ሳለች መስቀል አልፎ ነበር? እሸት ይመጣላት ነበር?» ይበሏት። ዘመኑ የጦርነት ስለነበረ ክርስትናው ዘግይቶ ሊሆን ይችላልና ወቅቱን የሚያረጋግጥ ሁለተኛ ነገር ያስፈልጋል።

ዓመቱ ይከብዳል፤ ግን «በጣሊያን ጊዜ» ማለት ሰፊ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር ከ1928 እስከ 1933 ነው። ማጥበብ የሚቻለው በወንድም በእህት ነው። ከላይዋ ያለው ማን ነው? እሱ ማይጨው ጊዜ ዳዴ ይል ነበር ወይስ ከብት ይጠብቅ ነበር? ተከታይዋስ መቼ መጣ? ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ሲገቡ እሷ ቆማ ትሄድ ነበር ወይስ ገና በጀርባ ነበረች? ይህን እሷ ባታስታውስ እንኳ ታላላቆቿ ነግረዋት ይሆናል። ሰው የራሱን ልደት አያስታውስም፤ በማን ጀርባ እንዳደገ ግን ሲነገረው ነው የሚያድገው።

እናትዎ በ1933 ሦስት ዓመት ገደማ ነበረች የሚል መልስ ካገኙ፣ ልደቷ መስከረም 1930 አካባቢ ይሆናል። ወደ ፈረንጅ ሲቀየር ኦክቶበር 1937 ነው። ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት 8 ዓመት መደመርዎን አይርሱ። ቤተሰብ ውስጥ ከማያቸው የዓመት ጭቅጭቆች ብዙዎቹ የሚመጡት ከዚህች አንድ ዓመት ነው።

ሌሎች ተመሳሳይ ለጠየቃችሁ፦ የሰገሌ ጦርነት 1909 ነው። የኅዳር በሽታ 1911። የጃንሆይ ንግሥ ጥቅምት 23 ቀን 1923። የታኅሣሥ ግርግር 1953። የጎጃም ገበሬ በግብር የተነሣው 1960። ግን ከእነዚህ ሁሉ የሰፈሩ ክስተት ይበልጣል። የደብሩ ጣሪያ ከሣር ወደ ቆርቆሮ የተለወጠበት ዓመት፣ አንበጣ የወረደበት፣ መኪና መጀመሪያ የታየበት። እሱን የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ካለ ግማሹ ሥራ አለቀ።

የኢሚግሬሽኑን ወረቀት ለማስቀየር ግን እንዳይጣደፉ። እሱ የጠበቃ ጉዳይ ነው። ለቤተሰብ ደብተርዎ «መስከረም መጨረሻ፣ 1930 ገደማ» ብለው ይጻፉና እንዴት እንደደረሱበት ከሥሩ ያስፍሩ። «ገደማ» የምትለውን ቃል ማንም እንዳያስጥልዎት።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ አዲስ አበባ ነው የምኖረው፤ የአባቴ ዘመዶች ግን ከሞጣ ናቸው። አባቴ ቅድመ አያቴን «ተሰማ» ይላቸዋል። አጎቴ «የለም፣ ገብረ መድኅን ናቸው» ይላል። አንዲት ባልቴት ደግሞ «አባ ደፋር» ብለው አወሩልኝ። ሦስት ሰው ናቸው ወይስ አንድ?

መልስ፦ አንድ ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ልጄ። ተሰማ እናታቸው ያወጡላቸው ስም ነው። ገብረ መድኅን የክርስትና ስማቸው። አባ ደፋር የፈረስ ስማቸው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ሲባሉ ሰምተሻል፤ የፈረስ ስም ግን የመኳንንት ብቻ አልነበረም። ባላገሩም ፈረስ ካለውና ወኔ ካለው ነበረው። በስተርጅና መንኩሰው ከሆነ የቆብ ስም ይጨመራል። ያኔ አራት ነው።

የሴት ደግሞ ይብሳል። ሙሽራ ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላት ነበር። የእኔ እናት እናት በእናቷ ቤት ሙሉ ነበረች። አማቷ የሺመቤት አለቻት። ቤተ ክርስቲያን ወለተ ሥላሴ ነች። ተዝካሯ የወጣው በአንዱ ስም ነው፣ ፍርድ ቤት የቆመችው በሌላው፣ የልጅነት ጓደኞቿ የሚጠሯት በሦስተኛው። ከሦስቱ አንዱን ብቻ የያዘ ሰው ሁለት ሦስተኛዋን አያገኛትም። ስለዚህ ሦስቱንም ጻፊ፤ ማን በየትኛው ይጠራቸው እንደነበረም ጨምሪ። አባትሽና አጎትሽ የተጣሉ የመሰላቸው ለካ የእናት ወገንና የደብር ሰው ነው የተጣላው።

ሞጣ ካልሽ አይቀር፣ የማውቀውን ሌላ ነገር ልንገርሽ። የሰው ስም ሲጠፋብሽ መሬቱን ፈልጊ።

በጎጃም ርስት የሚገኘው በዘር ነበር። አንድ ሰው «ይህ መሬት ይደርሰኛል» ካለ፣ መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ከዋና አባት ተነስቶ፣ በምንዝር አባት (ከዋናው አባት ልጆች ድርሻ በደረሰው) በኩል አድርጎ፣ እስከ ራሱ መቁጠር አለበት። አንድ ስም ከዘለለ ባለጋራው ያዘዋል። ደግሞም ልብ በይ፣ ርስት በአባት ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ በእናትም ይመጣል። እኔ ባየኋቸው የድሮ ክርክሮች «እገሌ የእገሊት ልጅ፣ እገሊት የእገሌ ልጅ» እያለ ሴትና ወንድ እየተፈራረቀ ይወርዳል። አንድ ገጽ ላይ ስምንት ዘጠኝ ትውልድ! አሁን የትኛው ቤተሰብ ነው ይህን የሚችለው?

ለምን እንደጠፋ ግልጽ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። ከዚያ ወዲያ አባት ቆጥሮ መሬት የሚያገኝ የለም። ጥቅሙ ሲቀር ቆጠራውም ቀረ። የቀረን የሰባት ቤቱ ብቻ ነው፤ ልጅ ሲያገባ ዘመድ ከዘመድ እንዳይገናኝ የምንቆጥረው። እሱንም ቢሆን ብዙ ሰው የሚቆጥረው በአባት በኩል ሰባት ወንዶችን ነው። እስቲ አስቢው፦ ወላጅ 2፣ አያት 4፣ ቅድመ አያት 8 እያለ ሲሄድ ሰባተኛው ቤት ላይ 128 ሰው አለ። ከአንደኛው እስከ ሰባተኛው ሲደመር 254። ሰባት ስም ይዞ «ዘሬን ጨርሻለሁ» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ሳቄን ነው የምውጠው።

ስለዚህ ሞጣ ስትሄጂ ያን መሬት የተከራከሩት እነማን እንደነበሩ ጠይቂ። ዋስ የነበረው ማነው፣ ምስክር የቆመው ማነው፣ አዋሳኙ የማን ነበር። የከሳሽ ልጅ ባይነግርሽ የተከሳሽ ልጅ ይነግርሻል፤ እንዲያውም እሱ ይበልጥ ያስታውሳል። የአውራጃ ፍርድ ቤት ፋይሎች የተረፉበት ቦታ ካለ ዘመድነትሽን አስረድተሽ ለማየት ጠይቂ። አዲስ አበባ ደግሞ ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ አለ፤ ከ1936 ጀምሮ የቆየ ነው። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት አለ። የድሮ አዲስ ዘመን ጋዜጣም ከ1933 ጀምሮ ይነበባል፤ የፍርድ ቤት ጥሪ ማስታወቂያዎቹን አትዝለይ። ስም ስትፈልጊ በሁሉም ፊደል ፈልጊ። ኃይሉን በ«ሀ»ም በ«ሐ»ም በ«ኀ»ም። ጸሐፊው የጻፈው እንደሰማው ነው።

ጥያቄ፦ ከናታንያ ነው። አባቴ በፈረንጅ 1984 በሱዳን በኩል መጣ፣ ወንድሙ በ1991 በአውሮፕላን። የአንድ አባትና እናት ልጆች ሆነው የቤተሰብ ስማቸው ይለያያል፤ አንዱ የአባታቸውን ስም ያዘ፣ ሌላው የአያታቸውን። የዘር ሐረግ የሚሠራው አፕሊኬሽን ወንድማማች አድርጎ ሊያገናኝልኝ አልቻለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አፑ የተሠራው የቤተሰብ ስም ከአባት ወደ ልጅ ለሚተላለፍባቸው ሰዎች ነው። እኛ ጋ ስም እንደዚያ አይሄድም። የቤተሰብ ስም የሚለውን ሳጥን ባዶ ተዪው። በመጀመሪያው ሳጥን ስም ከነአባትና ከነአያት አንድ ላይ ጻፊ፤ ወረቀት ላይ ያለውን የዕብራይስጡን ስም በማስታወሻው አስገቢ። ግንኙነቱን በስም ሳይሆን ወላጆቻቸውን በመምረጥ ነው የምታበጂው፤ እንዲህ ካደረግሽ ይሠራል።

አያትሽ በሕይወት ካሉ ከአፑ በፊት ወደሳቸው ሂጂ። ቤተ እስራኤልም ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ ቄሶቹና ትልልቆቹ ሴቶች በዚህ ላይ የሚያውቁትን ያህል ማንም አያውቅም። አንድ ነገር ደግሞ አደራ። በሱዳን መንገድና በካምፑ ያለቁትን፣ ሕፃናቱንም ጭምር፣ በዛፉ ላይ አስገቢ። ኢየሩሳሌም ሄርጽል ተራራ ላይ መታሰቢያ አላቸው፤ በየቤቱ ሐረግ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላሉ፣ ምክንያቱም የሚጠይቃቸው የለም። አያትሽን ስትጠይቂ ብቻችሁን ሁኑ። ካለቀሱ ደብተሩን ዝጊና ሌላ ቀን ተመለሺ።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ለልደቴ የዲኤንኤ ምርመራ ሊገዙልኝ ነው፤ ምራቅ ተፍቶ መላክ ነው አሉ። ሰባት ቤቴን ይነግረኛል?

መልስ፦ አይነግርዎትም። ምራቅ ስም አይጽፍም። ከላይ ያልኳቸው 128ቱ የሰባተኛ ቤት ሰዎች እያንዳንዳቸው ለእርስዎ ያወረሱት በአማካይ ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ከዚያ ውስጥ «ይህ የእገሌ ነው» የሚል አይወጣም። «የምሥራቅ አፍሪካ ሰው ነዎት» ብሎ ይልክልዎታል። እሱን እኔም በነፃ እነግርዎታለሁ።

ምርመራው በእርግጥ የሚጠቅመው ሌላ ሰው ነው። በልጅነታቸው በጉዲፈቻ ውጭ ሄደው ወላጆቻቸውን የሚፈልጉ አሉ። ኢትዮጵያ ለውጭ ዜጋ ጉዲፈቻ መስጠት ያቆመችው በ2010 ነው፤ ከዚያ በፊት የሄዱት ብዙ ሺህ ናቸው። ወረቀታቸው የተሳሳተባቸው፣ ያላቸው ፍንጭ ምራቃቸው ብቻ የሆነ አሉ። ለእነሱ አሜሪካ ያለ የአጎት ልጅ ተመርምሮ መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው። እርስዎ ሊመረመሩ ከፈለጉ ለእነሱ ሲሉ ይመርመሩ። ግን ይህንንም ይወቁ፦ ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ የተባለው ድርጅት በፈረንጅ 2023 መረጃው ተሰርቆ ወደ 6.9 ሚሊዮን ደንበኞች ተጋልጠዋል፤ በ2025 ደግሞ የኪሳራ ጥበቃ ጠይቆ ፍርድ ቤት ገባ። የሚልኩት ደግሞ የእርስዎን ብቻ ሳይሆን የእህት ወንድምዎንም ነው። ይጠይቋቸው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የምጽፈው ከአዳማ ነው። የአባቴን ወገን ስቆጥር የቅድመ አያቴ እናት ላይ ቆመብኝ። ሁሉም «የቤት ልጅ ነበረች» ብለው ያልፏታል። ትልቋን አክስቴን ለብቻዋ ስጠይቃት፣ ከከፋ በኩል በልጅነቷ ተሽጣ የመጣች መሆኗን ነገረችኝ። ቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ልጽፈው ስል አጎቴ «የሞተ አታስነሺ» ብሎ ተቆጣ። ልተወው?

መልስ፦ አትተዪው። ነገ ጠዋት ግሩፑ ላይም አትለጥፊው።

መጀመሪያ አጎትሽ የፈራውን ነገር እንወቅለት። የፈራው ሟቿን አይደለም። ሽማግሌ ሲላክ አጥንት ይጠየቃል፤ ዛሬም ይጠየቃል። የልጁ ትዳር ወይም የልጅ ልጁ ትዳር በአንቺ አንድ ጽሑፍ ምክንያት ይፈርሳል ብሎ ነው። ያሳፍራል ብዬ አምናለሁ፣ ግን የሚያሳፍረው ጠያቂውን ነው። ይሁን እንጂ ፍርሃቱ የእውነት ነውና «ኋላ ቀር» ብለሽ አትለፊው። ቤቱ ሂጂ። ብቻሽን ሂጂ። የምታውቂውን ንገሪውና እሱ የሚያውቀውን ጠይቂ። ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚቆጣው ሰው ከሁሉም የበለጠ የሚያውቀው ነው።

ሩቅ ዘመን እንዳይመስልሽ። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን አጠፋለሁ ብላ ቃል የገባችው በ1916 ነው። ባርነት ፈጽሞ በሕግ የተሻረው በ1934። አክስትሽን የመሰሉ ሰዎች እጇ ላይ ያደጉ ናቸው። ስለዚህ አሁን ካልተጠየቀ መቼም አይጠየቅም። የርስት መዝገብም ውስጥ አትፈልጊያት፤ በዚያ ቆጠራ ቦታ የሌላት ሰው ነች። ሌላው ባለጋራ ሊያሸንፍ ሲፈልግ ብቻ ነው እንደሷ ያለች ሴት በመዝገቡ ብቅ የምትለው፣ እሱም ለመስደቢያ።

ስሟን በጥርጣሬ ያዢው። በዚያ ቤት ስትገባ የወጣላት ስም ሊሆን ይችላል፤ ክርስትና ያስነሣት የገዛት ቤት ነው። ከዚያ በፊት የነበራትን ስም አክስትሽ ሰምታ እንደሆነ ጠይቂ። ስም ባይኖር ሌላ ነገር ይኖራል። ልጅ ስታባብል የምትለው፣ ቤቱ ውስጥ ማንም የማይገባው ቃል ነበር? ስትቆጣ በየትኛው ቋንቋ ነበር የምትቆጣው? ምን ምግብ ይናፍቃት ነበር? «ከከፋ» የሚለውንም ልብ በይ፤ ነጋዴው የገዛበት ገበያ እንጂ የተወለደችበት አገር ላይሆን ይችላል። አክስትሽ ሊያስታውሱ የሚችሉት አንድ ቃል ከሆነ እንደሰሙት ይጻፍ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ኋላ ያየዋል።

ከዚያ ሁለት ጽሑፍ ይኑርሽ። አንደኛው ሙሉው ነው፤ አክስትሽ የነገሩሽ ቃል በቃል፣ መቼና የት እንደነገሩሽ፣ የማን ፊት። እሱ በደብተርሽ ይቀመጥ። ሁለተኛው ለቤተሰቡ የሚነበበው ነው፤ አጭር፣ ያለ ማሳመሪያ፣ «በልጅነቷ ተሽጣ ወደዚህ ቤት መጣች፣ እነ እገሌን ወለደች» የሚል። እሱን መጀመሪያ ለትልልቆቹ አንብቢላቸው። በሕይወት ያለ ሰው ስም ይዞ ለሁሉም ሰው ክፍት የሆነ ፌስቡክ ላይ መውጣት አያስፈልገውም። አጎትሽ እስከመጨረሻው እምቢ ቢል ግሩፑን ትተሽ ለጠየቀሽ ሁሉ መንገር ትችያለሽ። የእሱ ብቻ ሳትሆን የአንቺም የቅድመ አያትሽ እናት ነች። ከሐረጉ ላይ አታውጪያት፤ «የቤት ልጅ» ብለሽም አትጻፊያት።

ከጋብቻ ውጭ ስለተወለደ አጎት የጠየቃችሁም አላችሁ። ሰውየው በሕይወት ካለ ራሱ ይወስን። እናንተ አትወስኑለትም።

ጥያቄ፦ አያቴ ሲጫወቱ ደስ ይላል፤ ስልክ ሳወጣ ግን «በሰላም ነው» ብለው ዝም ይላሉ። እንዴት ልቅዳቸው?

መልስ፦ በድብቅ እንዳትቀዳ፣ አስቀድሜ ልንገርህ። አስፈቅድ። ስልኩን ገልብጠህ ቡናው ረከቦት አጠገብ አስቀምጠውና ስለ ሌላ ነገር አውራ። «ታሪክዎን ይንገሩኝ» የሚባል ጥያቄ የለም፤ ሰው ይደነግጣል። አንድ የድሮ ፎቶ አምጣና «ይሄ ከኋላ የቆመው ማነው?» በል። የሠርጋቸውን ጠይቅ፦ ጠጅ የጣለችው ማናት፣ ድግሱን ያበሰሉት እነማን ናቸው፣ ከየት መጡ፣ ማን ቀረ፣ ለምን ቀረ። የቀረው ሰው ወሬ ሁልጊዜ ረጅም ነው። ወንዶቹን ስለ ጦርነት፣ ሴቶቹን ስለ ምግብ ብቻ አትጠይቅ፤ ገልብጠህ ሞክረው። ስንቅ ያዘጋጀችው ሴት ስለ ማይጨው የምታውቀውን ዘማቹ አያውቀውም።

ፎቶውን ስታገላብጥ ከጀርባው ያለውን የፎቶ ቤት ማኅተምና ጽሑፍም አንሳው። ቅጂውን በዚያው ማታ ለሁለት ሰው ላክ፤ አንዱ ከሌላ ከተማ ይሁን። የፋይሉን ስም «አያቴ 1» አትበለው። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ስለ ምን ብለህ ሰይመው። ከዚያ በደብተር ላይ የሰማሃቸውን ስሞች ብቻ ገልብጥ፤ በሚቀጥለው እሑድ ይዘኸው ስትሄድ አያትህ የተሳሳተውን ራሳቸው ያርሙታል። ማረም ይወዳሉ።